ወንድሜ ታከለና አራቱ ፈረንጆች

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ማሲንቆ ሁለትም ይሁን ሦስት አንድ ዜማ ነበር የሚለው። ታላቁ ይመራል፣ ታናሹ ይከተላል፣ አለቀ። እኔ ታላቅ ነበርኩ፣ ወንድሜ ታከለ ታናሽ፤ ጋዝጊብላ ውስጥ ያለ እኛ የሚደገስ ሠርግ አልነበረም። ታዲያ አንድ ሠርግ ላይ፣ ዳሱ ሞልቶ፣ እኔ በዜማው ሽቅብ ስወጣ እሱ ከታች ቀረ። እኔ ስፈጥን እሱ ያዘግማል። ዞሬ "ምን ነካህ አንተ?" አልኩት። "አያ፣ ግድ የለህም፤ አንተ ቀጥል፣ እኔ በሌላ መንገድ መጥቼ አገኝሃለሁ" አለኝ። ሰማችሁ? በሌላ መንገድ! ጠጥቷል ብዬ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ደጋኑን ከእጁ ነጥቄ በጉልበቴ ሰበርኩት። ሚዜዎቹ ሳቁ። እሱ ማሲንቆውን አቅፎ ወጣ፣ እና አበርገሌ ወርዶ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ ማሲንቆ እንዳልነካ ሰማሁ።

አርባ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው! እናታችን ስትሞት እንኳ ለቅሶው ላይ በሩቁ ተያየን። በሩቁ፣ ልጆቼ።

ታዲያ በቀደም ለሕክምና ሰቆጣ ሄጄ ልጄ ቤት ሰነበትኩ። ባሏ አስተማሪ ነው፣ ማሲንቆ እንደምወድ ያውቃል፣ እና ከስልኩ አንድ ነገር ከፈተልኝ። "አባባ፣ ይኼን ይስሙት፤ አራት ፈረንጆች ናቸው፣ አራቱም በደጋን የሚመቱ። ዜማው ከተደረሰ መቶ ዓመት አልፎታል" አለኝ። "አራት ሆነው ምን ይላሉ?" አልኩት። "ይስሙታ!"

ሰማሁ። መጀመሪያ አልወደድኩትም፤ አልዋሻችሁም። ቀጭኗ ድምፅ ሽቅብ ትወጣለች፣ ወፍራሙ ከሥር እንደ ሽማግሌ ያጉረመርማል፣ መሐል ያሉት ሁለቱ ይጨቃጨቃሉ፤ አንዴ ደጋኑን ትተው ክሩን በጣታቸው ጠብ ጠብ ያደርጉታል፣ አንዴ አራቱም ይጮኻሉ። "ተጣልተዋል እንዴ?" አልኩት። "የለም አባባ፣ እየተነጋገሩ ነው" አለኝ። ቆይቶ ደግሞ ዝግ አለ፣ እንደ ለቅሶ። እና አንደኛው ከታች፣ በሌላ መንገድ መጣ፣ መጣ፣ መጣ፣ እና ከቀጭኗ ጋር ገጠመ። ያን ጊዜ "ዝጋው" አልኩት። "አመመዎት?" አለኝ።

እንደተሻለኝ ዜማውን በስልኬ አስጫንኩ፣ ማሲንቆዬን አነገትኩና አበርገሌ ወረድኩ። ያ መንገድ ወገብ ይቆርጣል። ታከለ ደጁ ላይ ተቀምጧል፤ ሸምግሏል። ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ ከፈትኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማ። "ያኔ ያልከው ይኼን ነበር አይደል? ይቅር በለኝ" አልኩት። ታዲያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? በአማርኛ ጀምሮ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ጨረሰው፦ "የእናትህ ልጅ ሲነግርህ ደጋን ሰበርክ፤ ፈረንጅ ሲነግርህ አመንክ?"

ይቅር ግን አለኝ። ትከሻዬን ስሞ ይቅር አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ "እንግዲያው አንዴ አብረን እንምታ" ብዬ ማሲንቆዬን ዘረጋሁለት። እጁን አሳየኝ፤ ጣቶቹ ተቆልምመው ቀርተዋል። "አያ፣ ዘገየህ" አለኝ።

ሽማግሌውን ከሚሰሙት ልጆች አንዷ፣ "ታዲያ አባባ፣ የወንድምዎን የማሲንቆ አመታት ከዚያ በኋላ ማን ሰማው?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"ማንም፣ ልጄ። አንድ ቀን ብቻ ተመታ፤ እሱንም እኔ አቋረጥኩት።"