አጥንት ቆጣሪው ሰውዬ

በደርግ ጊዜ ነው። ከጃጁራ ወደ ሆሳዕና ስንሄድ፣ ከአውቶቡሱ ሞተር አጠገብ፣ ከጎኔ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ለማያውቃት ሴት ያወራል።

«የልጄን ሠርግ ላፈርስ ነው። አጥንት ባስቆጥር የሙሽራዋ አያት ቁምጥና ነበረበት።»

«ጋሼ፣ የጤና ጣቢያችን ድሬሰር በዘር አይመጣም ብሎናል። ከአፈርም ከውሃም ሊይዝ ይችላል አለ።»

«ታዲያ የአፈሩንም አጥንት ላስቆጥር?»

«ይሳቁ እንጂ! ክንድዎ ላይ የነጣው ምንድን ነው?»

«እንሰት ስተክል ተጭሬ ነው፣ ነጥቶ ቀረ። አያሳክከኝ፣ አያመኝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ክንድዎን ከሞተሩ ክዳን ላይ ያንሱ! እየተጠበሰ እኮ ነው!»

«የታለ? እኔ ምንም አልተሰማኝም።»

«በሉ እንደወረድን ሐኪም ቤት እንሂድ፤ ድሬሰሩ የነገረን ምልክት ይኸው ነው፣ መድኃኒት አለው።»

«እሺ... ለልጅቷ ቤተሰቦች ግን እንዳትነግሪ፣ ሠርጉን ያፈርሱብኛል።»

እኔም ቀስ ብዬ እጄን ክዳኑ ላይ አሳረፍኩና ሲፋጀኝ ደስ አለኝ።