ወንዛዬ ውሃ ውስጥ የተወረበ

በደርግ ጊዜ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ በጀልባ ስሻገር፣ እግራቸውን ዘርግተው የተቀመጡ መሪጌታ ከአንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ጋር ሲያወሩ ሰማሁ።

«መሪጌታ፣ እግርዎን ምን ነካው?»

«የተረከዜ ጅማት ተበጠሰ። ማኅሌት ላይ ስወርብ ጧ አለ፤ ከበሮው መስሎኝ ቀጠልሁ።»

«ውይ! ከዚያስ?»

«ወደቅሁ። ሐኪሙ በጀሶ አሰረኝ። ጀሶው ሲፈታ እግሬ ሸንበቆ ሆኖ ጠበቀኝ።»

«አሁንስ?»

«መሬት ላይ ተረከዜን ማንሳት ቢያቅተኝ ወንዛዬ ፍልውሃ ወረድሁ። እስከ ደረቴ ገባሁ። ውሃው እንደ ሕፃን አቀፈኝ። እዚያ ውስጥ ስወርብ ከረምሁ።»

«ራቁትዎን?»

«በግልድም ነው እንጂ! አንቺ ደግሞ!»

ሁለቱም ሳቁ።

«ነገ ጎርጎራ ለሚከበረው በዓል ሊወርቡ ነው ታዲያ?»

«ሐኪሙ ገና ነህ ብሎኛል። ጓደኞቼ ግን ቦታዬን ክፍት ትተው ይጠብቁኛል።»

«ዳግመኛ ቢበጠስስ?»

«እሱን እኮ ነው የምፈራው።»

«እስቲ አሁን ተረከዝዎን ለማንሳት ይሞክሩ።»

መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ጀልባው እንደሚያንቀላፋ ሰው ይወዛወዛል።

«ተነሳልዎ?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ ብቻ?»

«ትንሽ ብቻ። ነገ ቦታዬ ላይ እቆማለሁ፤ ወረቡ ለከርሞ ይሁን።»

እኔም ጋቢዬ ስር ተረከዜን ቀስ አድርጌ ከወለሉ አነሳሁ።