ደህና ነኝ ያለው ፒቸር

በአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት አባትና ሴት ልጁ ነበሩ። አባትየው የታክሲ ሹፌር ነው፤ ታክሲው ጋራዥ ስለገባ የመንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ የሚሄደው በአውቶቡስ ነበር። ወሬያቸው ግን ስለ ትናንቱ ቤዝቦል ነው።

«ያስበላን ኮቹ ነው» አለ አባትየው። «ፒቸሩ ደክሞት ኳሱን መወርወር አቅቶታል፤ ኮቹ ሜዳ ገብቶ ‹ደህና ነህ ወይ?› ይለዋል!»

«ቢጠይቀው ምን አጠፋ፣ አባዬ?»

«ይጠየቃል እንዴ? ሰው ሲጠየቅ ‹ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን› ነው የሚለው።»

«ፒቸሩ ሐበሻ ነው እንዴ?»

«ሁሉም ያው ነው። ኳሱን ከእጁ ተቀብሎ ከሜዳ ማስወጣት ነበር።»

«አንተን ዶክተሩ ስለ ዓይንህ ሲጠይቅህ ምን አልከው?»

«ደህና ነኝ አልኩታ።»

«በማግስቱ በታክሲው የአንድ ሆቴል ምሰሶ ገጨህ።»

«ምሰሶውን ያቆሙት መጥፎ ቦታ ነው።»

«እንግዲያው እኔም አልጠይቅህም። ፈቃዱ አይታደስም፤ መንዳት ይብቃህ።»

«ቤት ውዬ ምን ልሠራ?»

«ቤዝቦል ታያለህ፤ ኮቹን ትሰድባለህ።»



«እስከ ገና ብቻ ልንዳ።»

«ፒቸሩም ‹አንድ ዙር፣ አንድ ኢኒንግ ብቻ› ብሎ ነበር የለመነው።»

የፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ፌርማታ ሲቃረብ ከሁለቱ አንዳቸውም የማቆሚያውን ገመድ አልሳቡም፤ እኔም ልስብላቸው እጄን ከጭኔ ላይ አላነሳሁም፤ አውቶቡሱ ሳይቆም አለፈ።