ኦቦ ኢተፋ ልጃቸውን እንዴት አመሰገኑ

በ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ኦቦ ኢተፋ በበቅሏቸው ተቀምጠው በጎጃም መንገድ ዳር ወደ ሱሉልታ ሲመለሱ ልባቸው ጮቤ ትረግጥ ነበር። የደስታቸውን ምክንያት ግን ለማንም አልነገሩም፤ ለመንገርም አላሰቡም። ደስታን ለሰው መንገር በእርሳቸው እምነት ክፉ ዓይንን ጠርቶ ቤት ማስገባት ነበርና።

ከድልድዩ አጠገብ ሲደርሱ የሱሉልታ ትምህርት ቤት መምህር የሆነውን ተድላን አገኙት። ብስክሌቱን ገልብጦ የወለቀውን ሰንሰለት ለመመለስ ይታገላል፤ እጁ እስከ ክርኑ በግራሶ ጠቁሯል።

«አካም ቡልታኒ፣ ኦቦ ኢተፋ?» አለ ተድላ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ። የጎንደር ልጅ ቢሆንም በሦስት ዓመት ውስጥ የአገሩን የኦሮምኛ ሰላምታ አሳምሮ ይዟል።

«ነጋ፣ ነጋ! ጋለታ ዋቃዮ!» አሉ ሽማግሌው እግዜርን አመስግነው። «ምነው መምህር፣ የብረት ፈረስህ ዛሬ ገብስ አልቀመሰም?»

«ቀምሷል አባቴ፤ ጉልበቱ ነው የከዳው። እንኳንም ከዳኝ፤ አንቱን ፍለጋ ነበር የወጣሁት» አለና እጁን በሣር ጠርጎ ከቦርሳው አንድ ወረቀት አወጣ።

የወረቀቱን ነገር ለመረዳት አንድ ጉዳይ አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። በዚያ ዓመት የገዢው ጽሕፈት ቤት ከዚያ በፊት ያልተሰማ ነገር አሳውጆ ነበር። ከአዲስ አበባ ወጥተው አገር የሚጎበኙ ሰዎች እየበዙ ሄደዋልና፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ካሉት ማረፊያ ቤቶች መካከል እንግዳ በመቀበል ብልጫ ላሳየና አዲስ ዘዴ ለፈጠረ አንድ ሰው ሽልማት ይሰጣል፤ የቤቱም ስም ተጽፎ በዋና ከተማው ሆቴሎች ሁሉ ይለጠፋል። ሦስት ዳኞች ተመርጠው ሳይታሰብ እየደረሱ ቤቶቹን አዩ። ተድላ ጸሐፊያቸው ስለ ነበር ያዩትን በንጹሕ ወረቀት ይገለብጥላቸዋል።

የሱሉልታ ሰው ሁሉ ሽልማቱ የሸዋነሽ ነው ብሎ ነበር። ሸዋነሽ የኦቦ ኢተፋ ልጅ ናት። ከአራት ዓመት በፊት በመንገድ ዳር ባለ አምስት ክፍል ማረፊያ ቤት ከፈተች። የመኝታ ጨርቁን በየእንግዳው ትለውጣለች፤ በየሳምንቱ ፍሊት ትረጫለች፤ የመጠጥ ውኃውን አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ በጠርሙስ ታቀርባለች። መስኩን ለማየት ለሚሹ እንግዶች ፈረስ በማከራየትም የመጀመሪያዋ እርሷ ናት፤ ፈረስ የማያውቀውን ከተሜ እንዳይቆረቁረው በኮርቻው ላይ የበግ አጎዛ ታስራለች። ከሁሉም ሰውን የገረመው ግን በበሩ ላይ ያንጠለጠለችው ደብተር ነው። እንግዳው ሲሄድ የከፋውን ነገር እንዲጽፍበት ትለምነዋለች! «ስድቡን ለምኖ የሚቀበል ሰው ታይቶ ያውቃል?» እያሉ ጎረቤቶች ይስቁባት ነበር።

«ያንብቡት እንዳልል ዓይንዎ ደክሟል፤ እኔው ላንብብልዎ» አለ ተድላ። «‘በሱሉልታ ያለው የወይዘሮ ሸዋነሽ ቤት፦ አልጋው ቁርበት የለበሰ፣ መስኮቱ በጆንያ የተጋረደ፣ የሚከራየው ፈረስ ጥላሸት የመሰለ። ባለቤቷን አላገኘናትም። አባቷ ግን እዚህ ቤት ደልቶት የሚያድር ቁንጫ ብቻ ነው ሲሉ መስክረዋል።’»

ኦቦ ኢተፋ ከበቅሏቸው ሊወድቁ እስኪደርሱ ሳቁ። «ልክ ነው! አንዲት ቃል አላጎደሉም! አየህ፣ ትናንት ሐሙስ ሸዋነሽ ጫንጮ ገበያ ወርዳ ነበር። መኪናቸው አቧራውን እያቦነነ ሲመጣ ከሩቅ አየሁ። ሦስት እንግዳ ሰው፣ ስድስት ዓይን! ዘልዬ ገባሁና ነጩን አንሶላ ገፍፌ ቁርበት አነጠፍሁ፤ መስኮቱን በጆንያ ጋረድሁ፤ ነጩንም ፈረስ ከምድጃ ጥላሸት አምጥቼ ከግንባሩ እስከ ጭራው ለቀለቅሁት። ዓይናቸው ምንም ሳይነካ አለፈ። እግዜር ይመስገን!»

ተድላ ግን አልሳቀም። «ኦቦ ኢተፋ፣ ሸዋነሽ ያሉትን ሰምታ ዛሬ ጠዋት ወደ እኔ መጥታ ነበር። ማመልከቻ አስጽፋኝ ሄደች።»

«የምን ማመልከቻ?»

«አዲስ አበባ ካለ ሆቴል አልጋ አንጣፊ ሆና ለመቀጠር። ‘ወላጅ አባቴ በሰው ፊት ያፈረበት ቤት ምን ቤት ይባላል?’ እያለች አለቀሰች። ነገ የሽልማቱ ስብሰባ ሲያልቅ ቤቱን ዘግታ ትሄዳለች።»

ሽማግሌው ከበቅሏቸው ወርደው በድልድዩ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብለው በሕልማቸውም አላሰቡም ነበር።

እንግዲህ አባት ልጁን ጠልቶ እንዲህ አደረገ የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። የእኛ ሰው የሚወደውን ነገር ያንቋሽሻል፤ ያማረ ልጁን «ይህ አስቀያሚ» ይላል፤ የሰባ በሬውን «ይህ ከሲታ» ይላል። ክፋት የለውም፤ ፍቅሩን የሚሸሽግበት ጎተራ ነው። የአገሩ ሰው ይህን ያውቅና ነገሩን ገልብጦ ይሰማዋል። ከሌላ አገር የመጣ ዳኛ ግን የሰማውን እንደ ወረደ ይጽፋል።

«ልጄ፣» አሉ ኦቦ ኢተፋ በመጨረሻ፣ «አንተ ከወረቀት ነው የተማርኸው። እኔ ከመቃብር ነው የተማርሁት። ሁንዴ የሚባል በኩር ነበረኝ። በጥምቀት ነጭ አልብሼ ትከሻዬ ላይ አወጣሁት። ሰው ሁሉ ‘እንዴት ያለ ልጅ ነው!’ አለ። እኔም ሞኙ ‘እንዲህ ያለ ልጅ በሱሉልታ የለም’ አልሁ። ዐቢይ ጾም ሳይያዝ ቀበርሁት። ሁለቱ ታናናሾቹም አልቆዩልኝም። ሸዋነሽ ስትወለድ፣ መልካም ቃል በአፌ አላወጣባትም ብዬ ማልሁ። ይኸው ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ኖረችልኝ።»

እንዲህ ያለውን ኀዘን በአንድ ቃል «አጉል እምነት» ብሎ የሚያጣጥል የተማረ ሰው ትምህርቱ ገና አልዘለቀውም። ተድላ ግን ዘልቆት ነበር።

«እግዜር ነፍሳቸውን ይማር። ሁንዴን ምን አሞት ነበር?»

«ሆዱን። ሦስት ቀን አስቀመጠውና አለቀ።»

«ሁለቱንስ?»

«እነርሱንም ሆዳቸውን።»

«ያን ጊዜ ውኃ ከየት ነበር የምትቀዱት?»

«ከየት ይሆናል? ከመስኩ፣ ከብቱ ከሚጠጣበት።»

«የሸዋነሽ ልጆችስ አሉ?»

«አራቱም አሉ። ከዓይን ያውጣቸው!» አሉና እንትፍ እንትፍ አሉ።

«እርሷ ውኃ ታፈላለች። ከቤቷ ካደረው እንግዳ ሁሉ አንድም ሆዴን ያለ የለም፤ ደብተሩን እኔ ራሴ አንብቤዋለሁ። አባቴ፣ ሁንዴን የገደለው የሰው አፍ ይሆን፣ ወይስ ውኃው?»

ሽማግሌው በከዘራቸው መሬቱን እየቆረቆሩ «እንጃ» አሉ። ተድላም ፈገግ ብሎ ቀጠለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ፤ አይቆጡኝም? ያ ዳማ ፈረስዎ በየጉግሱ ሜዳ ሲፎክሩለት የኖሩት ነው አይደል?»

«ዳማዬ!» አሉ ኦቦ ኢተፋ፤ ወገባቸው ቀጥ አለ። «ከእንጦጦ እስከ ጫንጮ የሚቀድመው አልነበረም! ሦስት መንደር እስኪሰማ ነበር የምፎክርለት!»

«ስንት ዓመት ኖረ?»

«ሃያ ሁለት—» ብለው ቆሙ። ተድላን ቀና ብለው አዩት። «አንተ ሰይጣን!» አሉና ሳይወዱ ሳቁ።

«እንግዲህ ዓይን ፈረስን ይፈራል ማለት ነው?»

«ምላስህ ረዝሟል መምህር! እሺ፣ ፈረሱን ተወው። ግን እንግዳ የእግዜር ነው። እግር አጥቦ ላሳደረ ሰው ሽልማት መስጠት ጽድቁን ማስነጠቅ አይሆንም? ደግሞስ ዝም አይነቅዝም ይባላል።»

«ዝምታማ ለበግም አልበጃት፣ አምሳ ሁና አንድ ነብር ፈጃት» አለ ተድላ። «አሁን ያሉት ግን ከባድ ነገር ነው፤ ንቄ አላልፈውም። ሸዋነሽ ለሽልማት ብላ አልጀመረችውም፤ ጽድቋም ከእግዜር ዘንድ አለ። ሽልማቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ጎረቤትን ነው። ዛሬ ውኃ ስታፈላ ‘ጭስ ትወዳለች’ እያሉ ይስቁባታል። ነገ በአደባባይ ስሟ ሲጠራ ግን ሳቂው ሁሉ ድስቱን ይጥዳል። መልካም ሥራ ካልታየ ከአንድ ቤት አያልፍም፤ ከባለቤቱም ጋር ይቀበራል።»

ኦቦ ኢተፋ ይህን ሲያኝኩ ተድላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አምና የሞቱትን አቶ ጎበናን ያስታውሳሉ? ይህን ረግረግ ሰው እንዲሻገረው በጫንቃቸው ድንጋይ እያመጡ የደረደሩትን?»

«እንዴት እረሳዋለሁ!»

«በሕይወት ሳሉ ምን ነበር የምንላቸው?»

«ሥራ ፈቱ ጎበና» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «ያወጣሁለትም እኔ ነኝ።»

«በለቅሶው ዕለትስ?»

«እስከ እኩለ ቀን አወደስነው። እኔም ቆሜ ‘ደግ ሰው አጣን፣ የመንገዳችን አባት’ ብዬ እንባዬ እስኪደርቅ ተናገርሁ።»

«አቶ ጎበና ሰሙዎት?»

ሽማግሌው ድልድዩ ሥር ወደሚወርደው ውኃ ዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ምስጋናን ለቀብር አቆይቶ ለማይሰማ ጆሮ ማፍሰስ፣ ዝናቡን ከአጨዳ በኋላ እንደ መለመን ያለ ሞኝነት መሆኑን ያን ጊዜ አዩት።

«ምን ላድርግ?» አሉ።

«ነገ ጠዋት ከወረዳው አዳራሽ ይምጡ። ያደረጉትን ይናገሩ፤ ልጅዎንም ያመስግኑ።»

«ልጅ ማመስገን አፌ አልለመደውም፣ ተድላ!»

«እንደ ዳማው አድርገው ይጀምሩት።»

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ተወዳዳሪዎቹ፣ ከሰበታ ባለ አትክልት ስፍራዋ ወይዘሮ ውብአየሁ፣ ከቡራዩ እንግዶችን በገፈርሳ ሐይቅ ዳር የሚያስጎበኘው ከድሩ መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። ሸዋነሽ ግን አልመጣችም። የዳኞቹ ሊቀ መንበር አቶ አሥራት መነጽራቸውን አስተካክለው ውሳኔውን ሊያነቡ ሲሉ ኦቦ ኢተፋ ከኋላ ተነሡ።

«ጌቶቼ፣ ያቺ የልጄ ቤት የማትረባ፣ የቁንጫ—» ብለው ጀመሩ። ልማድ ክፉ ነው! ተድላ ከጸሐፊው ወንበር ላይ ሳለ ላብ አጠመቀው። ሽማግሌው በከዘራቸው ወለሉን አንድ ጊዜ መቱና እንደገና ጀመሩ።

«ውሸቴን ነው! ቁርበቱን ያነጠፍሁት እኔ ነኝ። ጆንያውንም የጋረድሁት እኔ ነኝ። ፈረሱም እንደ ወተት ነጭ ነው፤ ጥላሸቱን ያመጣሁት ከምድጃ ነው። ዓይናችሁን ፈርቼ ልጄን አዋረድኋት። ካላመናችሁኝ ተነሡ፤ ቤቱ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ካልተነሣችሁ ደግሞ ልፎክርላችሁ!» አሉና ስለ ልጃቸው እጃቸውን እያወናጨፉ እንደ ጉግሱ ሜዳ ፎከሩ። አዳራሹ በሳቅና በእልልታ ተናወጠ። አቶ አሥራትም ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና «እንሂድ እንይ» አሉ።

ሄዱ፤ አዩ። ሸዋነሽ ሻንጣዋን ስታስር ነበር የደረሱባት። አንሶላውን ዳሰሱ፤ ውኃውን ቀመሱ። ደብተሩንም ገለጡ። አንድ እንግዳ «መጸዳጃው ሳሙና የለውም» ብሎ ጽፏል፤ ከሥሩ በሸዋነሽ እጅ «ከዛሬ ጀምሮ አለ» የሚል ሰፍሯል። አቶ አሥራት ይህን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሌላ ምስክር አልፈለጉም፤ ሽልማቱ የሸዋነሽ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በዓመቱ በሱሉልታ ውኃ የማያፈላ ማረፊያ ቤት አልቀረም። ወይዘሮ ውብአየሁ በሰበታ ደብተር ሰቀሉ፤ ከድሩም ለእንግዶቹ የተፈላ ውኃ ይዞ መዞር ጀመረ። እሑድ እሑድ ፈረስ የሚያከራዩ ገበሬዎች ዘጠኝ ደረሱ፤ ሁሉም አጎዛ ያስራሉ። የሳቁባት ጎረቤቶችም ልጆቻቸውን ከመስኩ ውኃ ከለከሉ። አንዲት ሴት በቤቷ ጓዳ ያገኘችው ጥበብ በአደባባይ ስለ ተመሰገነ የሦስት ከተማ ጥበብ ሆነ። መልካም ሠሪን በቁሙ የሚያመሰግን አገር ሠሪ አያጣም፤ ምስጋናውን ለለቅሶ የሚያቆይ አገር ግን ከለቅሶ በቀር የሚተርፈው የለም።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ የመጣ ነው። በዚያች ቅዳሜ ዳኞቹ ሄደው ሰው ሲበተን አባትና ልጅ በደጃፉ ብቻቸውን ቀሩ። ሸዋነሽ የታሰረውን ሻንጣ እየፈታች ነበር።

«አባዬ፣» አለች ቀና ሳትል፣ «በአዳራሹ ስለ እኔ ምን አሉ?»

«ሰዎቹ ነግረውሽ የለም?»

«ነግረውኛል። እኔ ከአንቱ አፍ ነው መስማት የምፈልገው።»

ኦቦ ኢተፋ ግራ ቀኝ አዩ። እንትፍ ሊሉ ቃጥቷቸው ምራቃቸውን ዋጡት። «እንዳንቺ ያለች ቤት ያዥ በሱሉልታ የለችም» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ልጄ በመሆንሽ ኮርቻለሁ።»

ሸዋነሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ሸፈነች። «ይድገሙት።»

«ሰማሽ እኮ፣ አንቺ ልጅ!»

«ሠላሳ ዓመት ነው የጠበቅሁት፤ አንድ ጊዜ አይበቃኝም።»

ኦቦ ኢተፋም መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት።