የሻምበል ሐዘን

(ደብረ ብርሃን፤ የአቶ ደምሰው የአሥራ ሁለተኛ ቀን መታሰቢያ ዋዜማ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋናዬና የሟች ታላቅ እህት ወይዘሮ ዘርፌ ሳሎን ውስጥ፣ ከሟች ባዶ ወንበር ፊት ለፊት።)

ዘርፌ፦ እኔ የወንድሜን ጋቢ ስጪኝ አልኩሽ እንጂ የጥንቸል ጤና ጠየቅኩሽ?

ፋናዬ፦ አልከለከልኩዎትም እኮ፣ እትዬ። ጥንቸሉ ተኝቶበታል ነው የምልዎት። እጄን ስዘረጋ ያጉረመርምብኛል።

ዘርፌ፦ ጥንቸል አጉረመረመ! በዕድሜዬ ያልሰማሁትን!

ፋናዬ፦ ትናንትማ ነከሰኝ። ይኸው ጣቴን ይዩት።

ዘርፌ፦ ይኼን ነው ንክሻ የምትዪው? ሽንኩርት ስትከትፊ ከዚህ የባሰ ትቆረጪያለሽ። ስሚ፣ ያ ጋቢ ጥጡን እናቴ በእጇ የፈተለችው ነው። ኮቱን ለነዳያን ስጪ፣ ጫማውን ለፈለግሽው ስጪ፣ አልናገርም። ጋቢውን ግን ነገ መታሰቢያው እንዳለቀ ለብሼው ነው እነዋሪ የምገባው።

ፋናዬ፦ እንዳይብስበት ፈርቼ ነው። ሰሞኑን ምንም አይቀምስም። ካሮት ሰጠሁት፣ ዞር ብሎ አላየውም። ጎመን ሰጠሁት፣ ረገጠው። ውኃ ብቻ ነው የሚጠጣው።

ዘርፌ፦ ጾም ይዟል በያ!

ፋናዬ፦ አይቀልዱ፣ እትዬ። ሲመሽ በኋላ እግሩ ወለሉን ይደበድባል። ጥርሱንም ያፋጫል። ደግሞ… ይኼን እንኳ ባልናገር ይሻላል።

ዘርፌ፦ ከጀመርሽማ ጨርሺው።

ፋናዬ፦ የገዛ በጠጡን ይበላል።

ዘርፌ፦ እሰይ! ወንድሜን ላለቅስ መጥቼ ይኼን ልስማ! እና ምን አደረግሽው?

ፋናዬ፦ ጠበል ረጨሁበት።

ዘርፌ፦ ለጥንቸል? ጠበል?

ፋናዬ፦ ትንሽ ነው፣ ጠብ ነው ያደረግኩበት። እሱም ተቆጥቶ እግሩን ደበደበብኝ። ከዚያ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

ዘርፌ፦ በዚህ በጥቁር ልብስሽ፣ ጥንቸል ታቅፈሽ፣ በከተማው መሃል?

ፋናዬ፦ ብቻዬን ነው የሄድኩት፤ እሱንማ ማን ይነካዋል። ሐኪሙ «በጠጡን መብላቱ የጤና ነው፣ የተፈጠረው እንደዚያ ነው፤ ሌላውን ግን ካላየሁት አላውቅም» አለኝ። ኋላ «ለመሆኑ ሥጋውን ይበሉታል?» ሲለኝ አማተብኩ። «ታዲያ ምን ያደርግልዎታል?» አለኝ።

ዘርፌ፦ ተባረክ የእኔ ልጅ! እኔም ይኼንኑ ነው የምጠይቅሽ። አይታረድ፣ አይታለብ፣ ሌባ አይጠብቅ።

ፋናዬ፦ ደምሰው ነው ያመጣው።

ዘርፌ፦ ደምሰው ምን ያላመጣው አለ! ባዶ እጁን ከገበያ ሲመለስ ደስ የሚለኝ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ። ያቺ «ወተቷን አትችለውም» ብለው የሸጡለት ላም ታለበች?

ፋናዬ፦ አልታለበችም።

ዘርፌ፦ ያ የግድግዳ ሰዓትስ?

ፋናዬ፦ ቆሟል። ሲሠራም ወደ ኋላ ነበር።

ዘርፌ፦ ነፍሱን ይማረውና ወንድሜ መሸወድ ሙያው ነበር። «ደምሰው መጣ» ከተባለ፣ ነጋዴው ሁሉ አልሸጥ ብሎ የቀረበትን ዕቃ ከጓዳ ያወጣል። ይኼንንስ ምን ብለው ሰጡት?

ፋናዬ፦ «ወንድ ነው፣ አውራ ነው፣ አቻ የለውም» ብለው። ኩራቱን አይቶ ሻምበል አለው። ከመጣ ገና በሳምንቱ ነው እንግዲህ ደምሰው…

ዘርፌ፦ አንቺስ ያመጣው ቀን ምን አልሽው?

ፋናዬ፦ በሩ ተንኳኳ መሰለኝ።

ዘርፌ፦ ማንም አላንኳኳም።

ፋናዬ፦ እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ሻምበል በሽታ የለበትም። አዝኖ ነው።

ዘርፌ፦ ማን?

ፋናዬ፦ ሻምበል። ደረቱን እየነጨ ነው። ፀጉሩን በጥርሱ እየነቀለ ጋቢው ላይ ይከምረዋል፤ ቆዳው ወጥቷል። ደምሰው ወንበሩ ላይ የተወውን ጋቢ ጎትቶ አወረደና ጥግ አስገባው፣ ከዚያ ወዲህ ማንንም አያስጠጋም። ሐዘን ተቀምጧል።

ዘርፌ፦ በስመ አብ! እና እዚያ ጥግ የሰቀልሽው ጥቁር ጨርቅ…

ፋናዬ፦ ለእሱ ነው።

ዘርፌ፦ እኔ እኮ ብርድ መከላከያ መስሎኝ! ለጥንቸል ከል! ጎረቤት አይቷል?

ፋናዬ፦ የእድሩ ሴቶች አይተዋል። «ወይ ፍቅር!» ብለው አለቀሱለት።

ዘርፌ፦ ለጥንቸሉ አለቀሱ! ወንድሜ ሞቶ ለጥንቸሉ ተለቀሰ! እንግዲያው ሆዴ ውስጥ የያዝኩት ይውጣ፣ ፋናዬ። በቀብሩ ዕለት ሳይሽ ነበር። ሰው ሁሉ ደረቱን ሲደቃ አንቺ ዓይንሽ ደርቆ ቆምሽ። እኔ ድምፄ እስኪዘጋ ስጮህ፣ አንቺ «ድንኳኑ ዘመመ» ትያለሽ።

ፋናዬ፦ ዘሞ ነበር።

ዘርፌ፦ ይዝመም! ባልሽ ነው የሞተው! እስከ ዛሬ ከዓይንሽ አንድ ጠብታ አላየሁም። ለቅሶ ደራሽ ፊት እንኳ እፍረት የለሽም። አሁን ደግሞ ሐዘኑን ለጥንቸል አሳልፈሽ ሰጥተሽ፣ አንቺ ጎመን ታቀርቢለታለሽ!

ፋናዬ፦ እንባው እምቢ አለኝ፣ እትዬ። ሰው ሲሄድልኝ እዚህ ቁጭ ብዬ ልሞክር እላለሁ፤ አይመጣም። ሻምበል ሲነጭ ሳይ ግን ይቀለኛል። ከዚህ ቤት አንድ እንኳ አዘነለት እላለሁ። ጋቢውን መንጠቅ ያቃተኝ ለዚህ ነው። ሌላ ምንም የለውም።

ዘርፌ፦ ተነሺ ከፊቴ። እኔ አስለቅቀዋለሁ።

ፋናዬ፦ ተዉ፣ ይነክስዎታል!

ዘርፌ፦ ይሞክራታ! ወግድ ሻምበል! ወግድ ብያለሁ! እውነትም ያጉረመርማል፣ ባለጌ! እንዴ፣ ይኼ ሁሉ ፀጉር ነው? የእናቴን ጋቢ እንዲህ ታበላሽ… ወይኔ!

ፋናዬ፦ ምነው? ነከሰዎት?

ዘርፌ፦ ዝም በይ። ይንቀሳቀሳል።

ፋናዬ፦ ምኑ?

ዘርፌ፦ ፀጉሩ። ሥሩ የሆነ ነገር አለ። ነይ፣ ነይ እዪ። ይኼም ይተነፍሳል፣ ይኼኛውም ይተነፍሳል። ራቁታቸውን ናቸው፣ ዓይናቸው እንኳ አልተገለጠም።

ፋናዬ፦ አይጥ ገባበት? በሞትኩት፣ አይጥ ነው?

ዘርፌ፦ የምን አይጥ! ሻምበል ወለደ!

ፋናዬ፦ ሻምበል ወንድ ነው እኮ!

ዘርፌ፦ ወንድ ነው ያለሽ ደምሰው አይደል? በቃ፣ ሴት ናት! የምን ሐዘን! ስትነጭ የሰነበተችው ለልጆቿ ስታነጥፍ ነው! «ወይ ፍቅር» አሉ የእድሩ ሴቶች! አንቺ ደግሞ ለወላድ ከል ሰቀልሽላት! ይኼን እነዋሪ ሄጄ ባወራ ማን ያምነኛል?

ፋናዬ፦ እንግዲያው አላዘነችለትም።

ዘርፌ፦ ጥንቸል ምኑን ታውቃለች!

ፋናዬ፦ ማንም አላዘነለትም ማለት ነው። ከዚህ ቤት ማንም።

ዘርፌ፦ ፋናዬ፣ ጥንቸሏን ያመጣት ቀን ምን አልሽው?

ፋናዬ፦ «ተሸወድክ» አልኩት። ብተወው ምን ነበረበት? «ዛሬም ተሸወድክ፣ እስክትሞት ስትሸወድ ትኖራለህ» አልኩት። እስክትሞት አልኩት፣ እትዬ! እሱ ሳቀ። «ይኼን ጊዜስ አልተሸወድኩም፤ ቆይ ታያለሽ» ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከሳምንት አላለፈም። አሁን በየትኛው አፌ «ወይኔ ደምሰው» ልበል? ያሳፍረኛል።

ዘርፌ፦ እኔስ ስንቴ ብዬዋለሁ። ሰው ፊት ሁሉ ብዬዋለሁ።

ፋናዬ፦ እርስዎ እህቱ ነዎት።

ዘርፌ፦ እህቱ ስሆን አያመውም? … ለመሆኑ ስንት ጥንቸል ነው የገዛው?

ፋናዬ፦ አንድ ነዋ።

ዘርፌ፦ ጋቢው ላይ ያሉትስ?

ፋናዬ፦ እነዚህማ ዛሬ…

ዘርፌ፦ እነዚህማ በሆዷ መጡ! ያ ነጋዴ፣ ያ ቀጣፊ፣ አውራ ነው ብሎ እርጉዟን አስረክቦት ሄደ! በአንዷ ዋጋ ቤተሰብ! ወንድሜ በዕድሜው አንድ ቀን ነጋዴ ሸወደ፣ እሱንም ሳያየው ቀረ!

ፋናዬ፦ «ቆይ ታያለሽ» ብሎኝ ነበር…

ዘርፌ፦ ይኸው አየሽ።

ፋናዬ፦ አየሁ። አየሁልህ፣ ደምስዬ። አልተሸወድክም! አልተሸወድክም የኔ ጌታ! ወይኔ ደምሰው! ወይኔ!

ዘርፌ፦ ይኸው። መጣልሽ።

ፋናዬ፦ ጋቢውን… ጋቢውን ይውሰዱት፣ እትዬ። ሌላ ጨርቅ አነጥፍላታለሁ።

ዘርፌ፦ አንቺ ሴት፣ ዛሬም አእምሮ አልገዛሽም? በዚህ ብርድ ወላድ ከአልጋዋ ይነሳል? ይልቅ ያን ጥቁር ጨርቅ አውርጂው። አልቅሺ፣ አልከለክልሽም፤ ግን ቀስ ብለሽ አልቅሺ፣ ቤት ውስጥ አራስ አለች።