የጎረቤቴ ልጅ ነው

ለደህና ሥራ የሚወጣ በያጅ ፀሐይ ሳትወጣ ጋሪ አይገፋም። መጀመሪያ ፊቱን ይታጠባል፣ ቁርሱን ይቀምሳል፣ ስለ መብራት መጥፋት ከጎረቤቱ ጋር ትንሽ ያማርራል፤ ከዚያ ነው ሥራ የሚጀምረው። ጋሼ በያጁ ግን በዚያ ማለዳ ፊታቸውን እንኳ ውሃ ሳያስነኩ የብየዳ ማሽናቸውን በጋሪ ጭነው፣ በጆንያ ሸፍነው፣ ዳገቱን ሽቅብ እየገፉ ነበር። ጉልበታቸው የሽማግሌ ነው፤ ንዴታቸው ግን የጎረምሳ።

የሚሄዱት የከረሜላን በር ሊበይዱ ነው። ከረሜላ የሰውየው እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ከዋናው መንገድ ዳር ጌም ቤት አለው፤ ሊጫወቱ ለሚመጡት ልጆች ከረሜላ ስለሚያድል ልጆቹ ራሳቸው ያወጡለት ስም ነው። ከከረሜላው ሌላ ክኒን እንደሚሸጥላቸው ሰፈሩ በሹክሹክታ ካወቀ ሰንብቷል። በዚያው ሰሞን የጋሼ በያጁ የልጅ ልጅ፣ ገና አሥራ ሦስት ዓመቱ፣ ከጌም ቤቱ እየተንገዳገደ መጥቶ የግቢያቸው በር ላይ ተዘረረ። እስካሁን ሐኪም ቤት ነው ያለው።

ስለዚህ ጋሼ በያጁ፣ ዳቦ ጋጋሪውና ልብስ ሰፊው ተማከሩ። ልብስ ሰፊው ከጌም ቤቱ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ መብራት ከሱቁ ይስባል፤ ዳቦ ጋጋሪው መንገድ ይጠብቃል፤ ጋሼ በያጁ የብረቱን በር ከመቃኑ ጋር ድርግም አድርገው ይበይዱታል። ከረሜላ የሚያድረው እዚያው ውስጥ ነው። «ውስጥ ሆኖ ይጩሃ!» ነበር ያለው ዳቦ ጋጋሪው። ሦስቱም በዚህ ሐሳብ ደስ ብሏቸው ተለያዩ።

ጋሼ በያጁ ዳገቱ አናት ላይ ሊደርሱ ሲሉ ከፊት ለፊታቸው አንዲት ሴት ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ስትወርድ አዩ። የልጃቸው ሚስት ናት። መምህርት ናት፤ ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ከሐኪም ቤት ተነሥታ የልጇን ቅያሪ ልብስ ከቤት ልትወስድ እየመጣች ነበር።

«እንዴት አደሩ፣ አባባ?»

«ፈጣሪ ይመስገን። ልጁስ?»

«ዓይኑን ገለጠ። ውሃ አጠጪኝ አለኝ።»

ጋሼ በያጁ «ተመስገን!» ብለው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ጋሪውን መልቀቃቸው ትዝ ያላቸው ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር ነው። መምህርቷ ሮጣ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀችበት። ጆንያው ግን ወድቆ ማሽኑ ከነገመዱ ተጋልጦ ቀረ።

«በዚህ ማለዳ የት ነው ሥራው?»

«እዚህ ነው... የዳቦ ቤቱ ምድጃ በሩ ተሰንጥቆ...»

«አባባ፣ ዳቦ ቤቱ በዚህ ሰዓት ምድጃው ይንቀለቀላል። የነደደ ምድጃ ነው የሚበይዱት?»

አይ ጋሼ በያጁ! ብረት ማቅናት እንጂ ውሸት ማቅናት አልሠለጠኑበትም። አንገታቸውን ደፉ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴታቸው ገነፈለ።

«የከረሜላን በር ነው! ታዲያ ምን ይሁን? ውስጥ እንዳለ ልበይድበት ነው። እስከ እኩለ ቀን ይጩህ፣ ሰው ሁሉ ይይ፣ ከዚያ ጓዙን ጠቅልሎ ይሂድልን!»

«ሕጉስ፣ አባባ?»

«ሕግ? ሕግ ጋ ሄጃለሁ እኮ! ጣቢያ ሄጄ ከስሻለሁ። ዳቦ ጋጋሪውም ሄዷል፣ ልብስ ሰፊውም ሄዷል። ‹እናጣራለን› ብለው ሸኙን። እናጣራለን! ዘይት ነው እንዴ የሚያጣሩት?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጣቢያ ሲሄዱ ምን ብለው ነው የከሰሱት?»

«ምን እላለሁ! ይሄ ሰውዬ ለልጆች መርዝ ይሸጣል አልኩ።»

«የተጎዳው የማን ልጅ ነው አሏቸው?»

ጋሼ በያጁ የማሽኑን ገመድ ማጠፍ ጀመሩ፤ ቀድሞውኑ የታጠፈውን ገመድ።

«የ... የጎረቤቴ ልጅ ነው አልኩ።»

እንግዲህ እዚህ ላይ በሰውየው አትፍረዱ። በዚያ ሰፈር ልጅ ትኩሳት ቢይዘው ጠዋት ለሁሉም ይወራል፤ እግሩ ቢሰበር ጠያቂው ቤት አይበቃውም። እንዲህ ያለው ሕመም ሲመጣ ግን መስኮት ይዘጋል፣ ድምፅ ይቀንሳል፣ ነገሩ ሆድ ይፍጀው ይባላል። ስማችን ይጠፋል ነው ፍርሃቱ። ልጁ እየጠፋ ስለ ስም ማሰብ ምን የሚሉት ብልሃት እንደሆነ እኔ አልገባኝም፤ ግን ስንቶቻችን እንደዚያው ነን።

«እኔም ትናንት አመሻሽ ላይ ጣቢያ ሄጄ ነበር» አለች መምህርቷ። «መርማሪው ወጣት ልጅ ነው። ምን አለኝ መሰልዎ? ‹እህቴ፣ ስለዚህ ሰውዬ ያልመጣ ወላጅ የለም። ሁሉም የጎረቤቴ ልጅ ነው ይለኛል። ጎረቤቱ ጋ ሄጄ ሳንኳኳ ደግሞ ኧረ የእኔ ልጅ ደህና ነው ብሎ በሩን ይዘጋብኛል። የተጎዳ ልጅ ሳይኖረኝ ዳኛ ፊት ቆሜ ቤቱን ልፈትሽ ብል ማን ይሰማኛል?› አለኝ። እኔም የልጄን ስም ሳልነግረው ተመለስኩ።»

«ታዲያ የልጅ ልጄን ክኒን ወሳጅ ነው ብዬ አደባባይ ላውጣው? ነገ ትምህርት ቤት ማን አጠገቡ ይቀመጣል? አባቱስ ምን ይባላል? በሩን ብበይደው ግን የማንም ስም ሳይነሳ ነገሩ ያልቃል!»

እውነቱን ተናገሩ። ከንዴቱ ሥር የነበረው ይኸው ነው፦ የብየዳው እሳት የሰውየውን በር ብቻ ሳይሆን የእነሱንም አፍ እንዲዘጋላቸው ፈልገዋል። መምህርቷ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«አባባ፣ እኔም ያደረግሁትን ልንገርዎ። ልጁን ሐኪም ቤት ያደረስን ለት ሐኪሙ ምን ወስዶ ነው አለኝ። የተበላሸ ምግብ በልቶ ነው አልኩት።»

«አንቺ?»

«እኔ! በየቀኑ ልጆች ፊት ቆሜ እውነት ተናገሩ የምለው ሴትዮ! አብረውን የመጡት ጎረቤቶቻችን እንዳይሰሙ ብዬ። የሆድ መድኃኒት ሰጡት። ትንፋሹ እየቀነሰ ሲሄድ፣ ከንፈሩ ሲጠቁር ነው ጮኼ እውነቱን ያወጣሁት። ሐኪሙ ሮጦ ባይደርስለት ኖሮ ዛሬ ውሃ የሚለኝ ልጅ አልነበረኝም። ከረሜላ መርዙን ሰጠው፤ በይሉኝታ ልገድለው የነበርኩት ግን እኔ እናቱ ነኝ።»

ጋሼ በያጁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ ደግሞ ከኪሱ ክኒኖቹን አግኝቼ ሽንት ቤት ጨመርኳቸው» አሉ። «ሰው እንዳያይ።»

«ሐኪሙ ምን ዓይነት ክኒን እንደሆነ አምጡልኝ ብሎ ነበር።»

«አውቃለሁ። አልነገርኩሽም።»

ከታች የአንድ ቤት በር ተከፈተ፣ አንዲት ሴት ደጇን መጥረግ ጀመረች። መምህርቷ እንባዋን በመዳፏ ጠራረገች።

«እኔ አልተናደድኩም መሰልዎ? አንገቱን ይዤ ባንቀው አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ግን እስኪ ይንገሩኝ፤ ከዚያ በር ኋላ ምን አለ?»

«ምን ይኖራል...»

«ለሥራ አርባ ዓመት በር ሲያዩ የኖሩ ሰው ነዎት። ሳያዩ አይቀሩም።»

አይተው ነበር። ዋዜማውን በሩ ገርበብ ሲል ውስጡን ቃኝተዋል። ከበሩ ኋላ ልጥፍ ብሎ የስፖንጅ ፍራሽ ተነጥፏል። ጤነኛ በያጅ እንዲህ ያለ ቦታ እሳት እንደማይለኩስ ያውቃሉ፤ ዳገቱን ሲወጡ ይህን ሐሳብ እየገፉት ነው የወጡት፤ ከጋሪው ይልቅ ያደከማቸውም እሱ ነው።

«ስፖንጅ ፍራሽ አለ» አሉ በግድ።

«ፍንጣሪው ሲያርፍበትስ?»

«ይያያዛል።»

«ከግድግዳው ወዲያስ ማን ይተኛል?»

ጋሼ በያጁ በጋሪው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ከግድግዳው ወዲያ ልብስ ሰፊው ከሱቁ ኋላ ባለችው ክፍል ከሦስት ልጆቹ ጋር ይተኛል። ያ ልጆቹን ሊያድን መብራት የሚስበው ሰው!

«ወይ እኔ! ወይ እኔ ሽማግሌው! ልጅ አድናለሁ ብዬ ልጆች ላቃጥል?»

«ልጅዎስ ከመንገድ ሲመለስ ምን ልበለው? ልጅህ ሐኪም ቤት፣ አባትህ እስር ቤት፣ ና እራት ብላ ልበለው?»

ይህን ስትል ሁለቱንም ሳቅ ተናነቃቸው፤ ሳቁ መሐል ላይ እንባ ሆነባቸው እንጂ። በዚህ መሐል ዳቦ ጋጋሪው ከነሽርጡ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንደተነሰነሰ፣ እየተቻኮለ መጣ።

«ጋሼ፣ ምነው ቀሩሳ? መንጋቱ እኮ ነው!»

«አልበይድም።»

«እንዴት አይበይዱም?»

«ጣቢያ ነው የምንሄደው። ዛሬ።»

«ደግመው እንዲያጣሩልን?»

ጋሼ በያጁ ተነሡና ሰውየውን ፊት ለፊት አዩት። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያኔ የከሰስክበት ልጅ የጎረቤትህ ነው ወይስ የራስህ?»

ዳቦ ጋጋሪው ግራ ቀኙን ገላመጠ። ደጇን ከምትጠርገው ሴት በቀር ማንም አልነበረም፤ እሱ ግን ድምፁን እስኪጠፋ ድረስ ቀነሰ።

«ጋሼ፣ የእኔዋ ሴት ናት እኮ። ስሟ ከተነሳ ነገ ማን ያገባታል?»

«አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ወንድሜ» አለች መምህርቷ። «ክፍሌ ውስጥ ናት፤ ሰሞኑን ጠረጴዛው ላይ ተኝታ ነው የምትውለው። ማግባቱን ማን ጠየቀን? መጀመሪያ ትንቃልን። ስሟ የሚጠፋው ታማ ስትታከም አይደለም፤ ታማ ዝም ሲባልላት ነው። መርማሪው ደግሞ የልጆቹን ስም ከዳኛውና ከእሱ በቀር ማንም አያየውም ብሎኛል።»

«ቢያወጡትስ?»

«ሰፈሩ ከአሁኑ ያውቃል! የማያውቅ የሚመስለው ለእኛ ብቻ ነው። ሁላችንም አንድ ላይ ከተናገርን ማን በማን ላይ ጣቱን ይቀስራል? ለየብቻ ስንደበቅ ግን ከረሜላ ነው የሚደሰተው። እስካሁን የጠበቀው የበሩ ብረት አይደለም፤ የእኛ ዝምታ ነው።»

ዳቦ ጋጋሪው ሽርጡን ፈታ፣ አጣጠፈ፣ ብብቱ ሥር ሸጎጠ። «ልብስ ሰፊውን ልጥራው» አለ።

ሦስቱ አባቶችና አንዲቱ እናት ጋሪውን እየገፉ ጣቢያው በር ሲደርሱ ዘበኛው ማሽኑን አይቶ «ምን ልትበይዱ ነው?» አላቸው። «ዛሬስ አፋችንን ልንከፍት ነው» አሉት ጋሼ በያጁ፤ ዘበኛው ምንም ሳይገባው አሳለፋቸው።

መርማሪው ቀና ብሎ አያቸውና ገና ሳይናገሩ ተነፈሰ። «የተጎዳው የማን ልጅ ነው?»

ጋሼ በያጁ ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። ከኋላ የቆሙት ሰዎች ሁሉ የሚሰሙ መሰላቸው፤ ይሰሙም ነበር።

«የእኔ ነው» አሉ። «የልጄ ልጅ ነው።» ስሙንም ከነአባቱ ጠርተው ነገሩት። ክኒኖቹን ሽንት ቤት እንደጣሏቸውም ሳይጠየቁ ተናገሩ።

መምህርቷ ሐኪሙ የሰጣትን ማስረጃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ዳቦ ጋጋሪው ጫማውን ሲያይ ቆየና «ሁለተኛዋ የእኔ ናት» አለ። ልብስ ሰፊው አፉን ሳይከፍት ወደ ፊት አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ያም በቂ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለብዙ ጊዜ የተለመነው ነው። ዳኛው ፈቃድ ሰጠ፤ የጌም ቤቱ ጣሪያ ሲፈተሽ ክኒኑ በከረሜላ ካርቶን ተሞልቶ ተገኘ፤ ሰውየው በሕግ ተያዘ፣ በሩም በሕግ ታሸገ። ከረሜላን በራሳቸው እሳት ቢዘጉበት ኖሮ ከሳሽ እሱ፣ ተከሳሽ እነሱ ይሆኑ ነበር፤ ክኒኑም ሌላ ሰፈር ተሻግሮ የሌላ ልጅ ኪስ ይገባ ነበር። አሁን ግን ሌሎች ወላጆችም እየመጡ መሰከሩ። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ሕክምና ጀመረች። ወላጆቹም በትምህርት ቤት መውጫ ሰዓት ላይ በየተራ መንገዱ ዳር መቆም ጀመሩ፤ በቀን ብርሃን፣ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ። ልጅን መጠበቅ ማለት ይኼ ነው፤ ዱላ ማንሳት ቀላል ነው፣ የሚከብደው «የእኔ ነው» ማለት ነው።

ከረሜላ በተያዘ ማግስት ጋሼ በያጁ ሐኪም ቤት ሄዱ። ልጁ ትራሱን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ከስቷል፣ ዓይኑን ግን ከእሳቸው ያሸሻል። ቀስ ብሎ ጠየቃቸው።

«አባባ፣ እውነት ጣቢያ ሄደህ ስሜን ጠራህ?»

«አዎ።»

«ሰው ሁሉ እየሰማ?»

«እየሰማ። የእኔ ነው አልኩ።»

ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አዩና፣ አስቀየምኩት ይሆን ብለው ልባቸው ደነገጠ። «የምታፍሩብኝ መስሎኝ ነበር» አለ በተቆራረጠ ድምፅ። «ወደ ቤት የማትመልሱኝ መስሎኝ ነበር።»

«አብደሃል?» አሉ ጋሼ በያጁ፣ እነዚያን ጠባሳ የሞላባቸውን ጣቶች ራሱ ላይ አድርገው። «ወዴት ልንጥልህ ነው?»

ልጁ እንባውን በአንሶላው ጠረገና ዞሮ አያቸው።

«አባባ፣ ሌሎችም አሉ። ከእኛ ክፍል። ቤታቸው አያውቅም። ለሰው እንዳልናገር አስምለውኝ ነበር... ልንገርህ?»

ጋሼ በያጁ ወንበራቸውን ወደ አልጋው አስጠጉ።

«ንገረኝ፣ ልጄ» አሉት።