ቻይና አይደለም!

የእኔ ሱስ የድሮ የቻይና የአበባ ማስቀመጫ መሰብሰብ ነው። ነጭ ብርጭቆ ላይ ቀይ የብርጭቆ ሽፋን ይደረብና፣ ቀዩ እየተፈለፈለ አበባና ወፍ ይወጣዋል። ከአዲስ አበባ እዚህ ውጭ አገር ድረስ ሊጠይቁኝ የመጡት አክስቴ፣ እቴቴ አስካለ፣ መደርደሪያውን አይተው "ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?" አሉኝ። "ቻይና ነዋ!" አልኳቸው ደረቴን ነፍቼ። ፊታቸው ጭፍግግ አለ። እሳቸው ሰፈር ቻይና ማለት በሳምንቱ የሚበላሽ ዕቃ ነው። "አይዞህ የኔ ልጅ፣ አንድ ቀን ኦርጅናሉን ይሰጥሃል" ብለው አጽናኑኝ።

ቅዳሜ ከሁሉ የምወደውን ትልቁን ላስመረምር፣ እሳቸውንም ይዤ ወደ ሴንት ፖል ከተማ ድራይቭ አደረግሁ። የድሮ ዕቃ ነጋዴው ገለባብጦ አየውና ራሱን ነቀነቀ። "አዝናለሁ፣ ይሄ ቻይና አይደለም። አውሮፓ ውስጥ አስመስለው የሠሩት ነው።"

"ምን አለህ?" አሉ እቴቴ።

"ቻይና አይደለም፣ የአውሮፓ ነው አለኝ።"

"እልልልል!" ሱቁ ተናጋ። ሰውዬው ደንግጦ "ምን ሆኑ?" ሲለኝ፣ "እንኳን ደስ አለህ እያሉኝ ነው" አልኩት።

ሰኞ ከሥራ ስገባ ያ አስመሳይ ማስቀመጫ ሳሎን መሃል፣ ዳንቴል ተነጥፎለት ተጎልቷል። እውነተኞቹ ግን ከመደርደሪያው የሉም። ስፈልግ ስፈልግ አንዱን መታጠቢያ ቤት አገኘሁት፤ የጥርስ ብሩሼን ሰክተውበታል።

"እቴቴ፣ ይሄ እኮ ይሰበራል!" ብዬ ጮህኩ።

"ይሰበራ! ቻይና አይደል?"